ከበረሃው በዓት እስከ ጤና ጣቢያው

የመነኮሳት አባት የሚባሉት አባ እንጦንስ ጭንቀት የማያውቁ ሰው አልነበሩም። በ356 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያረፉት እኚህ አባት በግብፅ በረሃ ሳሉ ነፍሳቸው ታክታ፣ ሐሳብ ተደራርቦባቸው፣ የሚድኑበትን መንገድ አምላካቸውን እንደ ጠየቁ የአበው ዜና ይነግረናል። የተሰጣቸው መልስ እርሳቸውን የሚመስል አንድ ሰው ነበር፤ ተቀምጦ ገመድ ይጎነጉናል፣ ተነሥቶ ይጸልያል፣ ተመልሶ ተቀምጦ ይጎነጉናል። እኔ ከዚህ ታሪክ የምረዳው፣ አባቶች ከሚያስጨንቅ ሐሳብ ጋር ሙግት ከመግጠም ይልቅ ለአካላቸው የተመጠነ ሥራ መስጠትን መምረጣቸውን ነው።

ከእርሳቸው በኋላ በዚያው በረሃ የኖረውና በ399 ያረፈው ኤዋግርዮስ የመነኩሴን ልብ የሚያውኩትን ሐሳቦች በስምንት ከፍሎ ጻፈ። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሲና የነበረው ዮሐንስ ዘሰዋስው ደግሞ የኢየሱስ ስም መታሰቢያ ከትንፋሽ ጋር እንዲዋሐድ መከረ። ምክሩ በግሪክ አቶስ ተራራ ሥር ሰደደ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚያ የኖረ ኒቆፎሮስ የተባለ መነኩሴ፣ ሐሳብን ከትንፋሽ ጋር ወደ ልብ ስለ መመለስ ሲያስተምር አስቀድሞ ያሳሰበው ነገር መምህር እንድንፈልግ ነው። ቀጥሎ በመጣው ዘመን ባርላም የሚባል ሊቅ በእነዚህ መነኮሳት ተሳለቀባቸው፤ ጎርጎርዮስ ፓላማስ ተሟገተላቸው፤ በ1341 በቁስጥንጥንያ የተቀመጠው ጉባኤም ለፓላማስ ፈረደ። ጀማሪ ትንፋሹን እንዲጠብቅ የሚመከረው ለምን እንደሆነ ፓላማስ ሲያስረዳ፣ የጀማሪ ሐሳብ ሰብስበውት ሳይቆይ መልሶ ስለሚበተን ነው ይላል። ዛሬ ትንፋሽን መከታተል የሚያስተምሩ ባለሙያዎች የሚሰጡትም ምክንያት ከዚህ አይርቅም።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ክርክር ውጭ ብትሆንም ከዚያው የበረሃ ምንጭ ጠጥታለች። መጻሕፍተ መነኮሳት የምንላቸው ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ከሶርያ አበው ተነሥተው በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ የተመለሱ፣ በአንድምታ እየተተረጎሙ ለእኛ የደረሱ ናቸው። መቁጠሪያ ይዞ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የሚለውን 41 ጊዜ የሚያደርስ ምእመን ትንፋሹን ሳያስበው በልክ ያደርገዋል። በቅዱስ ያሬድ ዜማ አንዲት ፊደል ስትረዝም መሪጌታው አየሩን ቆጥቦ በዝግታ ማውጣት ግድ ይለዋል። በወሎ ሐድራ ላይ ዚክር የሚያደርጉና መንዙማ የሚቀበሉ ወገኖቻችንም እንዲሁ። እነዚህ ሁሉ የሚደረጉት ለፈጣሪ ነው፤ ወደ ማስታገሻነት ዝቅ ማድረጋቸው ነውር ይመስለኛል። ነገር ግን ነፍስ ስትጸልይ ሥጋም አብራ ታርፍ እንደነበር የሚክድ የለም።

በእስያ ነገሩ ሌላ መንገድ ሄዷል። ትንፋሽ ሲገባና ሲወጣ በንቃት መከታተል ከቡድሃ ትምህርቶች አንዱ ነው፤ ለብዙ ዘመን ግን በአብዛኛው የገዳም ሰዎች ሀብት ሆኖ ቆየ። በ1885 እንግሊዞች ማንደላይን ይዘው የበርማን ንጉሥ ቲቦን አስወጡ። ዙፋኑም የገዳማቱም ጠባቂ በአንድ ጊዜ ጠፉ። በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ሌዲ ሳያዶ የተባሉ መነኩሴ (1846–1923) እየተዘዋወሩ ይህን ትምህርት ለተራው ሕዝብ አስተማሩ። ከእርሳቸው ገበሬው ሳያ ቴትጂ ተቀበሉ፤ ከሳያ ቴትጂ የመንግሥት ሒሳብ ሹሙ ኡ ባ ኪን ተማሩ። እያለ እያለ ትምህርቱ አሜሪካ ገባ፤ በ1979 ጆን ካባት ዚን በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ለሕሙማን ኋላ የ8 ሳምንት የሆነ ሥልጠና አድርጎ አቀረበው።

ታሪኩ ሲደጋገም የማየው አንድ ነገር አለ። ሕዝብ ሲጨነቅ የገዳም ጥበብ በሩን ከፍቶ ይወጣል፤ በወጣ ቁጥር ግን መምህሩና ማኅበሩ ከደጃፉ ይቀራሉ። ዛሬ ትንፋሽ የሚያስቆጥር መተግበሪያ በየስልኩ አለ። ሰውዬው ግን ሌሊት ብቻውን ነው።

ሳይንሱ የአበውን ልምድ ከሥሩ አስረድቶታል። ጀርመናዊው ካርል ሉድቪግ በ1847 የልብ ምት አየር ስናስገባ እንደሚፈጥን፣ ስናስወጣ እንደሚዘገይ አሳየ። ልብን የሚያረጋጋው ቬገስ ነርቭ በተለይ አየር ስናስወጣ ይበረታል። በ2001 ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቹ 23 ሰዎችን መርምረው በላቲን የሚደረሰው የመቁጠሪያ ጸሎትና የእስያው ማንትራ ሁለቱም ትንፋሽን በደቂቃ ወደ 6 ያህል እንደሚያወርዱት አገኙ። ያረፈ ጎልማሳ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ነው የሚተነፍሰው። በ2022 የታተመ ጥናት ደግሞ የጭንቀት ሕመም ያለባቸውን 276 ጎልማሶች ወስዶ፣ ያ የ8 ሳምንት ሥልጠና ኢሲታሎፕራም ከተባለው የታወቀ መድኃኒት ያላነሰ ውጤት ማስገኘቱን ዘግቧል። እነዚያ ሰዎች በየሳምንቱ ከአሠልጣኝ ጋር በቡድን ይገናኙ እንደነበር ግን ወሬውን የሚያስተላልፉት ብዙዎቹ ይዘሉታል።

መምህር ሲጠፋ ምክሩም ይበላሻል። ለተጨነቀ ሰው «አየር በደንብ ሳብ» እንላለን፤ እርሱም ደጋግሞ በኃይል ይስባል። ያን ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሙ ከልክ በላይ ይወጣል፤ ራሱ ይዞራል፣ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ ፍርሃቱ ይብሳል። የሚረዳው በአፍንጫ በለሰለሰ መጠን አስገብቶ ማስወጫውን ማስረዘም ነው፤ ሐሳብ ሲሸሽ ራስን ሳይወቅሱ መመለስ፣ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ መለማመድ። ብርቱ መከራ ያለፈባቸው አንዳንድ ሰዎች ትንፋሻቸውን ሲያደምጡ ይባስ ይሸበራሉ፤ አጠገባቸው ሰው ካለ ዓይናቸውን ገልጠው እግራቸው መሬት መርገጡን እንዲያስተውሉ ይነግራቸዋል። መተግበሪያው ይህን አያይም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ያሳተመው ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ የሚባል መመሪያ የጥንቱን መንገድ መልሶ የያዘ ይመስለኛል። ተጨናቂው ከአንድ ረዳት ጋር 5 ጊዜ ይገናኛል፤ መጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ በዝግታ መተንፈስ ነው። ረዳቱ ሐኪም መሆን አይጠበቅበትም፤ የሠለጠነና የሚከታተለው ባለሙያ ያለው የሰፈር ሰው ይበቃል። እንዲህ ያለ ሰው የሚገኝባቸው ቤቶች በእኛ አገር ሞልተዋል። ሰንበቴው በየወሩ ይሰበሰባል፣ ዕድሩ ሐዘንተኛ ቤት ይውላል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ትሄዳለች፣ ነፍስ አባት የልጆቻቸውን ጓዳ ያውቃሉ። በሪያድና በቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥረው የሚኖሩ እኅቶቻችንም በዕረፍት ቀናቸው ከአገር ልጅ ጋር ይገናኛሉ። እነዚህን ሰዎች ማሠልጠን፣ እንቅልፍ የነሣው፣ ሥራ ያስተወው ወይም ራሱን የመጉዳት ሐሳብ የመጣበት ሰው ሲገጥማቸውም ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም እንዲያደርሱት ማስተማር የዚህ ትውልድ ሥራ ነው፤ ለመጀመርም ከአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያና ከአንድ ዕድር ፈቃደኝነት የሚበልጥ ነገር አያስፈልግም።