ረጅሙ ውጅግራና አጭሩ ምንሽር፦ የአደን ጠመንጃ በኢሉባቦር

በኢሉባቦር የጠመንጃ አደን ታሪክ ከዝሆን ጥርስ ንግድ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። በኋላ ራስ ቢትወደድ የተባሉት ተሰማ ናደው ጎሬን መቀመጫቸው አድርገው አገሩን ያስተዳድሩ በነበረበት ዘመን፣ ከደጋው ጫፍ ወደ ባሮ ሸለቆ የሚወርድ አዳኝ ከገደለው ዝሆን አንዱን ጥርስ ለገዢው አስረክቦ ሌላውን ለራሱ ያስቀር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መነሻነት ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ስትሆን፣ ባሮ በክረምት ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች በጎሬና በቡሬ በኩል የወረደውን ቡና ይጭኑ ጀመር። በዚህ ንግድ ውስጥ ጠመንጃ መሣሪያም ሸቀጥም ነበር፤ ጥይቱም ራሱ በየገበያው እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይቆጠር ነበር።

የዘመኑ ዋነኛ ጠመንጃ ውጅግራ ነው። ስሙ «ፉዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ የተወረሰ ሲሆን፣ የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለው በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃ ነው፤ ይኸውም ተኳሹ እጀታውን ወደ ላይ አንሥቶ ወደ ኋላ ሲስብ ባዶው ቀለህ ይወጣል፣ አዲስ ጥይት አጉርሶ ወደ ፊት ሲገፋና እጀታውን ሲያጋድም ደግሞ ይቆለፋል ማለት ነው። ካርታ ስለሌለው በአንድ ጊዜ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው። የ11 ሚሊ ሜትሩ እርሳስ 25 ግራም ያህል ስለሚመዝን ትልቅ አውሬን ይጎዳል፤ ነገር ግን ጠመንጃው 1.30 ሜትር ገደማ ርዝመትና ከ4 ኪሎ ግራም በላይ ክብደት ስላለው፣ ሐረግ በተጠላለፈበትና ዝናብ በማይለየው የመቱና የጎሬ ደን ውስጥ አፈሙዙ በየቅርንጫፉ መያዙ፣ ጥቁሩ ባሩድም ሲተኮስ በሚያወጣው ጭስ ተኳሹን ከዒላማው መጋረዱ አይቀርም ነበር። አዳኞች በቡድን ይወጡ የነበረው፣ የገዳይነቱም ክብር መጀመሪያ ላቆሰለው ይሰጥ የነበረው፣ አንድ ተኩስ ብቻውን ዝሆንን ለመጣል ብዙ ጊዜ ስለማይበቃ ነው ማለት ይቻላል።

በዝሆን ጥርስ ልዋጭ የሚገኘው ውጅግራ ከደጋው አልፎ ወደ አኙዋኮች ዘንድ በብዛት ወርዷል። በሱዳን የነበረው የእንግሊዝ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1912 በአኙዋኮች ምድር በአዶንጋ ላይ ጦር እስከማዝመት የደረሰው በዚህ የመሣሪያ ክምችት በመሥጋቱ ነው።

አጭርና ቀላል ጠመንጃ ወደ ደኑ የገባው ግን ለአደን ታስቦ አልነበረም። ኅዳር 1929 ዓ.ም. ጎሬን የያዘው የጣልያን ጦር እ.ኤ.አ. የ1891 ሞዴል የሆነውን የካርካኖ ጠመንጃ ይዞ መጣ። ይህ ጠመንጃ ጥይት የሚጎርስበትን ዘዴ ከኦስትሪያዊው ማንሊከር ስለወሰደ፣ ከዚሁ ስም የመጣው «ምንሽር» የሚለው መጠሪያ በሕዝቡ አፍ ለእርሱም ዋለ። ለፈረሰኛ የተሠራው አጭሩ ዓይነት 92 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና 3 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት ያለው ሲሆን፣ ስድስት ጥይት ይጎርሳል፣ ጭስ አልባ ባሩድም ይጠቀማል። የጣልያኑ ጄኔራል ጋዜራ በ1933 ዓ.ም. በሰኔ ማብቂያ በሳዮ፣ በዛሬው ደምቢዶሎ፣ ለቤልጂክ ኮንጎ ጦር እጁን ሲሰጥ፣ በአገሪቱ ዙሪያ የተበተነው የጣልያን መሣሪያ ከውጅግራ ወደ አንድ ክንድ ገደማ የሚያጥር ጠመንጃ በባላገሩ እጅ አስገባ። ለደን አገር የሚስማማው ይህ ነበር።

በውጭው ዓለም የአጭር አደን ጠመንጃ ዕድገት ሌላ መንገድ ይዟል። የመትረየስ ሠሪው ማክሲም ልጅ ሂራም ፐርሲ ማክሲም እ.ኤ.አ. በ1909 ያስመዘገበው ድምፅ ማፈኛ፣ ማለትም ከአፈሙዝ የሚወጣውን ጋዝ በተደረደሩ ክፍሎች እያሳለፈ የሚያበርድ ቱቦ፣ ለጆሮ ጤናና ለጎረቤት ሰላም ሲባል ዛሬ በአንዳንድ አገሮች አዳኞች ዘንድ የተለመደ በመሆኑ፣ ቱቦው ሲገጠም ጠመንጃው እንዳይረዝም አፈሙዙ አጥሮና ጥርስ ወጥቶለት ይሠራል። ከድምፅ የሚፈጥን ጥይት አየሩን ሲሰነጥቅ የሚያሰማው ጩኸት ግን በማፈኛ አይጠፋም።

የኢሉባቦር አዳኝ ከጠመንጃው የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነበር። የተኩሱ ድምፅ ከሸለቆ ሸለቆ ተሻግሮ መንደሩን የሚያስነሣ ብሥራት ሲሆን፣ ገዳዩ ራሱን ቅቤ ተቀብቶ ገራርሳውን፣ ማለትም የጀግንነት ዘፈኑን፣ ሲያሰማ የሚመሰክርለት አስቀድሞ የተሰማው ያ ድምፅ ነበር። የዱር አራዊት አደን እ.ኤ.አ. በ1944 በወጣው አዋጅ ቁጥር 61 በሕግ ሥር ሲገባና ታላላቆቹ አራዊት እየራቁ ሲሄዱ፣ ለገበሬው የቀረው የዘወትር ባላጋራ ከቡና ጥላ ሥር ወጥቶ የበቆሎ ማሳውን የሚገለብጠው ከርከሮና ዝንጀሮ ነው። ማማ ላይ ወጥቶ በጩኸትና በወንጭፍ ማሳውን ለሚጠብቅ ሰው፣ ጠመንጃም ካለው ወደ ሰማይ የሚተኮሰው አንድ ጥይት የሚፈለገው ለሚገድለው ሳይሆን ለሚያሰማው ድምፅ ነው።