ቆላው ወይኑን የት አኖረው?

ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ወደ ላስታ የሚያወጣው ገደል ያዋስኗታል። በመካከል የተዘረጋው ሜዳ የማሽላ አገር ነው፤ ቀትር ላይ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ የሚያልፍበት ወር ብዙ ነው። የወይን ጠጅ ጠላቱ ሙቀት ነው። ፈረንሳዮችና ጣሊያኖች ምድር ቤት እየቆፈሩ በርሜል የደረደሩት ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ የማይዋዥቅ ቅዝቃዜ ፍለጋ ነው። ቆቦ የምትገኝበት የራያ ቆላ ግን ያለ ወይን ቅዳሴ የማይቀደስባቸው አድባራት የሞሉበት ምድር ሆኖ ሳለ እንዲህ ያለ ጓዳ አልቆፈረም።

የአገሩን የመጠጥ ነገር በዓይናቸው አይተው ከጻፉልን አንዱ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። በ1520 እ.ኤ.አ. ከመልእክተኞች ጋር ምጽዋ ወርዶ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት በአገራችን ቆየ፤ መጽሐፉ በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። ከትግራይ ወደ ደቡብ ሲወርድ የዶባ ሕዝብ የሚኖርበትን ምድር ዳር ዳሩን ይዞ አንጎት ገባ። አንጎት የዛሬው ራያና ቆቦ ከላስታ ጋር የሚገናኝበት ጥንታዊ ግዛት ነው። ገዢው አንጎት ራስ ግብር አግብቶ ጋበዘው። አልቫሬዝ ፊት ለፊት የተደረደሩትን የጠጅ እንስራዎችና የብርሌውን ዋንጫ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንስራው ሳይሟጠጥ እንግዳ መነሣት እንደማይችል በመገረም ይተርካል።

ይህ ወግ የአቀማመጡንም ነገር ይነግረናል። ጠጅም ሆነ የቆላው የማሽላ ጠላ ለግብር፣ ለተዝካር፣ ለማኅበር ተጥሎ በጋንና በእንስራ ይሰነብታል እንጂ ለዓመታት እንዲበስል ተብሎ አይቀመጥም። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፣ ይጠጣል፣ እንደገና ይጠመቃል። የሙያው ጥበብ ያለው በየጊዜው በመጣሉ ላይ ነው።

የቅዳሴው ወይን ግን እንዲህ ሊሆን አይችልም። ቅዳሴ በየሳምንቱ፣ በየበዓሉ አለ፤ ወይን የሚለቀመው ግን በዓመት አንድ ወቅት ነው። አልቫሬዝ ከወይን ፍሬ በገሃድ የሚጠመቀው በንጉሡና በጳጳሱ በአቡነ ማርቆስ ቤት ብቻ መሆኑን ጽፎ፣ የሌላውን ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ዘዴ በዝርዝር ያስረዳል፤ በዕቃ ቤት የተቀመጠ ዘቢብ ዐሥር ቀን ያህል በውኃ ይዘፈዘፋል፣ ካበጠ በኋላ ጠፈፍ ይደረጋል፣ በጨርቅ ይጨመቃል። በዚያ ይቀደሳል።

ለእኔ የወይን አቀማመጥ ታሪካችን ዋና ገጽ ይህ ነው። አባቶቻችን መጠጡን ትተው ፍሬውን አኖሩ። ሥጋ ቋንጣ ሆኖ እንደሚከርም ሁሉ፣ ውኃው የተነነ የወይን ፍሬም በውስጡ ስኳሩ ስለሚጠነክር አይሻግትም፤ ቀዝቃዛ ምድር ቤትም፣ በርሜልም፣ ቡሽም አይፈልግም። ደረቅ ቦታና ታማኝ ጠባቂ ይበቃዋል። ዛሬ ደግሞ የቅዳሴው ቀን ሲደርስ ዲያቆኑ በቤተልሔም ዘቢቡን አጥቦ፣ ዘፍዝፎ፣ አሽቶ ያጣራዋል። ሳይፈላ ስለሚቀርብም ሙቀት ሊያበላሸው ጊዜ አያገኝም።

ዕቃ ቤቱን የሚሞላውም ምእመኑ ነው። ልጇ የዳነላት እናት፣ ከመንገድ በሰላም የተመለሰ ነጋዴ ስለቱን ሲያገባ ጧፍና ዕጣን ከዘቢብ ጋር ይዞ ይመጣል። የመኳንንት ጓዳ ጌታው ሲሞት ወይም ሲሻር ይዘረፋል፤ የአጥቢያው ዘቢብ ግን ከብዙ እጅ ስለሚመጣ ምንጩ አይደርቅም።

በእርግጥ ወይን ለአገሩ ባዕድ አልነበረም። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር ነጋዴዎች መመሪያ ከሎዶቅያና ከጣሊያን ጥቂት ወይን አዱሊስ ይገባ እንደነበር ይገልጻል፤ በኋላም ከቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከአይላ የመጡ የሸክላ ማሰሮዎች በአክሱም ተገኝተዋል። ያ ግን ከባሕር በር የሚመጣ፣ ለቤተ መንግሥት የሚበቃ ሸቀጥ ነበር። ለአንጎትና ለራያ አጥቢያዎች የደረሰው ዘቢቡ ነው።

በዘመናችን በዝዋይ፣ ከ1,600 ሜትር በላይ በሆነ ሜዳ፣ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በ2007 እ.ኤ.አ. ወይን መትከል ጀምሮ ጠጁን በዘመናዊ መጋዘን አኑሯል። የቆቦ ሜዳ ከፍታው ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ በቆቦ ጊራና ሸለቆም የከርሰ ምድር ውኃ ወጥቶ መስኖ ገብቷል። ለአድባራቱ የሚሆን ዘቢብ ከሩቅ ከሚመጣ፣ ጥቂት ገበሬዎች በጓሯቸው ወይን ተክለው ቢሞክሩ እወዳለሁ። ለምድር ቤት ያልበጀው ያ ደረቅ የቆላ ፀሐይ ፍሬ ለማድረቅ የሚሻለው አይገኝም።