ከመጸየፍ ወደ መዳሰስ፦ ሥጋችን በፍቅራችን ላይ ምን ሥልጣን አለው?

በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ከደጋ ወደ አብደራፊ የሚወርደውን ወጣት አስቡ። ሌሊቱን በጥቁሩ አፈር ላይ፣ ከግራር ሥር ያድራል፤ የአሸዋ ዝንብ ትነድፈዋለች። ከወራት በኋላ ካላዛር ያከሳዋል፤ ጣፊያው አብጦ ሆዱ ይነፋል፤ መልኩ ይገረጣል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህ በሽታ በሁመራና በመተማ ቆላ የእርሻ ሠራተኞችን ሲያጠቃ ኖሯል። ወጣቱ በአጥቢያችሁ ደጃፍ ቢቆም፣ ገና ሳትጸልዩለት ዐይናችሁ ምን ይፈርድበታል?

ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1872 ስለ ስሜቶች መገለጫ ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ገጠመኙን ይተርካል። በቲየራ ዴል ፉዌጎ አንድ የአገሩ ሰው የዳርዊንን ቀዝቃዛ ሥጋ በጣቱ ነክቶ በልስላሴው ተጸየፈ፤ ዳርዊን ደግሞ የሰውዬው እጅ ቆሻሻ ባይመስልም ምግቡ በመነካቱ ተጸየፈ። ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች መጸየፍ ከበሽታ የሚጠብቀን የተፈጥሮ አጥር ነው ይላሉ። የዳርዊን ታሪክ ግን ሌላም ያሳያል፤ ስሜቱ የጋራ ቢሆንም የሚያስጸይፈንን ነገር በአብዛኛው የምንማረው ካደግንበት ነው። አጥሩም ይሳሳታል፤ ካላዛር በመዳሰስ አይተላለፍም።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክስ? በ4ኛው መቶ ዘመን ባስልዮስ በቂሣርያ ለድሆችና ለሕሙማን መጠለያ ሠራ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ፣ ባስልዮስ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን እንደ ወንድም ይስም እንደ ነበር መስክሯል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን በአዲስ አበባ ዳርቻ ለእነዚሁ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ፤ በኋላ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ፤ በ1965 አለርት በዚያው ተመሠረተ። ሆስፒታሉ ከከተማው ወጣ ብሎ መሠራቱ ግን የሕዝቡን ፍርሃት ይመሰክራል። ፍቅርና አጥር በአንድ ግቢ ኖረዋል።

ስለዚህ ሥጋ ውበትንና ፍቅርን በምናይበት ዐይን ላይ ድርሻ እንዳለው መካድ አይገባንም። የመጀመሪያው ድንጋጤ ኃጢአት አይደለም፤ ጌታ ሆኖ ሲሾም ግን ጣዖት ይሆናል። ማርቆስ 1፥40–42ን ልብ በሉ፤ ኢየሱስ ለምጻሙን የዳሰሰው ከመንጻቱ በፊት ነው። በአብዛኞቹ የግሪክ ቅጂዎች ርኅራኄውን የሚገልጸው ቃልም ከሆድ ዕቃ ስም የወጣ ነው፤ እኛም «አንጀቴ ተላወሰ» እንላለን። በሚጸየፈው በዚያው ሥጋ ውስጥ የሚራራ አንጀትም አለ። እንግዲህ ከአብደራፊ የተመለሰው ወጣት እሁድ ከኋላ ወንበር ብቻውን ሲቀመጥ፣ ስብከቱ ከመጀመሩ በፊት አጠገቡ የሚቀመጠው ማን ነው?