የፒያሳ ፒያ አጣቢዎች

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። አቦሉ ተቀድቶ በረካው እስኪደርስ የማወጋችሁ አለኝ። ተረት አይደለምና «የላም በረት» በሉኝ አልልም። የሆነ ነገር ነው፤ የሆነውም ሮም ከተማ፣ ፒያሳ ፒያ በምትባል አደባባይ።

«ፒያሳ» ስል ልባችሁ ወዴት እንደሄደ አውቃለሁ። ቃሉ የነሱ ነው፤ አደባባይ ማለት ነው፤ እንደ ፌርማታ፣ እንደ ሊሾ፣ እንደ ፌሮ ጥለውልን የሄዱት። የኛዪቱ ፒያሳም በዚያው ሰሞን፣ በ2016 ዓ.ም.፣ ለኮሪደር ልማት እየፈረሰች ነበር። የእሷ ወግ ግን ሌላ ቡና ይፈልጋል። ዛሬ የሮሟን ስሙኝ፤ ዓመት ስጠራም «ዓ.ም.» ካላልኩ በፈረንጆቹ ቁጠራ ነው።

በቲቤር ወንዝ ዳር እንደ ተደፋ ድስት ያለ ክብ ግንብ አለ። ሐድርያን የተባለው ቄሣር መቃብሬ ይሁን ብሎ ያስጀመረው ነው፤ እሱ ከሞተ በኋላ በ139 አለቀ። ከዚያ ምሽግ ሆነ፣ ወህኒ ሆነ፣ ጳጳሳት የጨነቃቸው ቀን መሸሸጊያ ሆነ፤ አሁን ሙዚየም ነው። ስሙን ያገኘው ግን ከመልአክ ነው። በ590 ሮምን ወረርሽኝ ሲፈጃት፣ ጳጳሱ ጎርጎርዮስ ሕዝቡን ይዞ ምህላ ሲወጣ፣ ቅዱስ ሚካኤል በግንቡ አናት ቆሞ ሰይፉን ወደ አፎቱ ሲመልስ ታየው ይባላል። ካስቴል ሳንታንጄሎ፣ የመልአኩ ግንብ።

ከግንቡ ወደ ምዕራብ ዞር ስትሉ ደግሞ ቀጥ ያለ ሰፊ ጎዳና ቅዱስ ጴጥሮስ ደጅ ድረስ ይወስዳችኋል። ግንቡና ጎዳናው የሚገናኙባት ቦታ ናት ፒያሳ ፒያ። አደባባይ ትባል እንጂ የመኪና መተላለፊያ ነበረች። ስንት አገር አቋርጦ የመጣው ተሳላሚ የመጨረሻዋን ጥቂት እርምጃ የሚራመደው መብራት እየጠበቀ፣ በአውቶቡስ መካከል እየተሹለከለከ ነበር።

ይህ መንገድ ለእኛም ባዳ አይደለም። ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ፣ ከቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ከኢየሩሳሌም የተሻገሩ መነኮሳታችን ያርፉበት የነበረ ቤት ነው። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን የግእዝ ሐዲስ ኪዳንን በ1548 እና በ1549 በማተሚያ ያወጡት እዚያ ተቀምጠው ነው። ያኔ ከመሀል ከተማ ወደ ጴጥሮስ የሚሻገር ተሳላሚ ዋና ድልድዩ ግንቡ ፊት ያለው ነበር። ያ ድልድይም የራሱ ጉድ አለበት። በ1450 የኢዮቤልዩ ዓመት ሰው በሰው ላይ ተጨናንቆበት፣ በግፊያ ብቻ ከመቶ ሰው በላይ አለቀበት። እንግዳ መጥራት ቀላል ነው፤ ማሳለፊያው ነው ጭንቁ።

እና 2025 ደግሞ ኢዮቤልዩ ሆነ። ካቶሊኮች በየ25 ዓመቱ ቅዱሱን በር ይከፍታሉ፤ ሕዝቡም ኃጢአቱን ሊያራግፍ ይጎርፋል። ከተማዋ እንግዳ እንደሚመጣባት እመቤት ቤቷን መጥረግ ጀመረች። እዚህም ድንጋይ ይነጠፋል፣ እዚያም ይታጠራል። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይም ከሚታደሱት አንዱ ነበር። ሮም የኖረ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስሙን ግን ስንቱ ልብ ብሎት ይሆን? ፒያሳ ዴይ ቺንኰቼንቶ፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የፈጇቸው ናቸዋ! ይኸው እስከ ዛሬ የኛ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ በላያቸው ይመላለሳል።

ወደ ፒያሳ ፒያ ልመልሳችሁ። ሥራው በነሐሴ 2023 ተጀመረ። ሐሳቡ ሲነግሩት ቀላል ነው፦ መኪናው ከመሬት በታች ይሂድ፣ ሰው ከላይ። በወንዙ ዳር የነበረው የምድር ውስጥ መንገድ ይረዝምና መኪናውን ሁሉ ይውጣል፤ ከላይ ከግንቡ እስከ ጎዳናው ሰው ብቻ የሚረግጠው ሜዳ ይሆናል። ችግሩ የቀኑ ነገር ነው። ቅዱሱ በር የሚከፈተው በዲሴምበር 24 ቀን 2024፣ በልደታቸው ዋዜማ ነው። ኮንትራክተር ቀን ይገፋል፣ ከንቲባም ይገፋል፤ የልደት ዋዜማ ግን ለማንም አይገፋም።

ሮም ላይ መቆፈር ደግሞ የአያትን ሳጥን እንደ መክፈት ነው። መርፌ ፈልጋችሁ እጃችሁን ስትሰዱ የቅድመ አያት ካባ፣ የተረሳ ሙግት ወረቀት፣ ማን እንዳስቀመጠው የማይታወቅ ክታብ ይወጣል። መርፌዋም ትረሳለች።

በ2024 አጋማሽ ላይ ዶማው ቆመ፣ ብሩሽ ተነሣ። ወለል ውስጥ የተቀበሩ የሸክላ ገንዳዎች ተገኙ፤ በተርታ። የቅርስ አጥኚዎቹ አይተው ወዲያው ለዩት፦ የልብስ አጣቢዎች ቤት ነው፤ ሮማውያን ፉሎኒካ የሚሉት፣ የሁለተኛው ምእተ ዓመት ሥራ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። የሮም ባለጸጋ የሚለብሰው ቶጋ ከሱፍ የተሠራ ነው፤ ነጭ ካልሆነ ያዋርዳል። ያን ነጭ የሚያነጡት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ገንዳ ውስጥ ገብተው፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ይረግጡታል። ሳሙናቸው ምን መሰላችሁ? የቆየ ሽንት! በየጥጉ በማሰሮ ያጠራቅሙት ነበር። አፍንጫችሁን አትያዙ፤ ጋቢ ወንዝ ወርዶ በእንዶድ ሲረገጥ ያየ ሰው የእግሩን ሥራ በደንብ ያውቀዋል። የኛ አረፋ ከፍሬ፣ የእነሱ ከማሰሮ፤ እግሩ ግን ያው እግር ነው። በነገራችን ላይ ዶክተር አክሊሉ ለማም እንዶድ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል የደረሱበት አድዋ ላይ፣ ልብስ የሚታጠብበትን ወንዝ ልብ ብለው አይተው ነው። አጣቢ ያለበት ቦታ ዕውቀት አይጠፋበትም።

እንግዲህ ሁለት ወገን ሆነ። አንዱ ቅርስ በተገኘበት ይቀመጥ ይላል፤ ሌላው ሰዓቱን ያያል። ይህ ክርክር ገና ሳይበርድ፣ ቁፋሮው ጠለቅ ሲል፣ ከታች ሌላ ዓለም ብቅ አለ። በጁላይ አስታወቁት። ከወንዙ በኩል በትራቨርቲን ድንጋይ የተገነባ ትልቅ ግድግዳ፣ የአዕማድ መደዳ መሠረት፣ የአትክልት ስፍራ። ጣራ ያስጌጡ የነበሩ፣ ተረት የተቀረጸባቸው የሸክላ ሰሌዳዎችም ተገኙ፤ የኋላ ሰው አንሥቶ የፍሳሽ ቦይ ክዳን አድርጓቸው ኖሯል። የትናንቱ ጌጥ የዛሬ ክዳን ሲሆን ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

ሁሉን የገለጠው ግን የእርሳስ ቧንቧ ነው። ዛሬ ቆጣሪው በማን ስም ነው እንደምንለው፣ ሮማውያን የባለ ውሃውን ስም ቧንቧው ላይ ያትሙት ነበር። በዚህኛው ላይ የታተመው ስም፦ ጋይዮስ ቄሣር አውግስጦስ ጀርማኒኩስ። ካሊጉላ ነው! አባቱ የጦር አዛዥ ነበርና ልጅ ሳለ በሰፈር ሲሮጥ ወታደሮቹ ያወጡለት የቁልምጫ ስም ነው፤ በኛ አፍ «ጫሚት» እንደ ማለት። ጫሚት አድጎ ከ37 እስከ 41 ነገሠ፤ ሮምን አስለቀሳት፤ በገዛ ጠባቂዎቹ ተገደለ። የአትክልት ስፍራው ከአባቱ ከጀርማኒኩስ ወደ እናቱ ወደ አግሪፒና፣ ከእሷም ወደ እሱ የወረደ ርስት ነው ብለዋል አጥኚዎቹ።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። የእስክንድርያው ፊሎን የሚባል አይሁዳዊ ፈላስፋ ነበር፤ ሽማግሌ። በ38 እስክንድርያ ላይ በአይሁድ ላይ ረብሻ ተነሣ፤ ቤታቸው ተዘረፈ፣ ሰው ተገደለ። ወገኖቹ ፊሎንን በመልእክተኞቻቸው ራስ ላይ አድርገው ለቄሣር አቤት በልልን ብለው ሮም ሰደዱት። ያየውን ራሱ ጽፎታል። ካሊጉላን መጀመሪያ ያገኙት በቲቤር ዳር ሜዳ ላይ፣ ከእናቱ አትክልት ስፍራ ሲወጣ ነው። እጅ ነሡት፤ እሱም ቀኝ እጁን አወዛወዘላቸው፤ ጊዜ ሲገኝ ነገራችሁን እኔው እሰማለሁ ብሎ ሰው ላከባቸው። አብረውት የመጡት በደስታ ሰከሩ። ፊሎን ግን ዕድሜ አስተምሮታልና ልቡ አልተቀበለውም። ደጅ የጠና ሰው ያውቃታል፣ ያቺን የእጅ ውዝዋዜ። አይዟችሁ ትላለች፤ ቀን አትቆርጥም።

ቀኑም ሲደርስ ቦታው ሌላ አትክልት ስፍራ ሆነ። ቄሣሩ ከክፍል ወደ ክፍል እየሮጠ መስኮትና ግድግዳ ሲያይ፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላው ሲከተሉ፣ በመሀል ዞር ብሎ የጠየቃቸው ትልቁ ጥያቄ የአሳማ ሥጋ ለምን እንደማይበሉ ነበር። ስለተገደለው ሰው መልስ አላገኙም። እንዲያውም ምስሉን በኢየሩሳሌም መቅደስ ሊያቆም ማዘዙን ሰምተው ነበር፤ ሳይቆም እሱ ቀደመ።

እና የፒያሳ ፒያ ሠራተኞች ያገኙት ያ የእናቱ አትክልት ስፍራ ነው ይባላል። ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በመጽሐፍ ላይ ሲጠራ የኖረ ቦታ፣ ለመኪና መንገድ ሲቆፈር ቧንቧ ይዞ ተነሣ።

የጎዳናውን ነገር ደግሞ አልነገርኳችሁም። ያ ከግንቡ እስከ ጴጥሮስ ያለው ቀጥ ያለ መንገድ ከጥንት የነበረ አይምሰላችሁ። ቪያ ዴላ ኮንቺሊያዚዮኔ ይባላል፤ «የዕርቅ ጎዳና»፤ በ1929 ሙሶሊኒና ቫቲካን ለተፈራረሙት ስምምነት ማስታወሻ። ቦታው ላይ «ስፒና» የሚሉት፣ ቤት በቤት የተደገፈበት አሮጌ ሰፈር ነበር። በኦክቶበር 1936 ሙሶሊኒ ራሱ ዶማ አንሥቶ የመጀመሪያውን ምት መታ። ዓመቱን ልብ በሉት፤ ጦሩ አዲስ አበባ ከገባ ገና ስድስት ወሩ ነው። በቀጣዩ ዓመት የአክሱም ሐውልታችንን ወስዶ እዚያው ሮም አቆመው፤ እስከ 2005 ሳይመለስ። በዚያ ሰፈር የነበረው ሕዝብ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበተነ። ጎዳናውም ተጎትቶ ተጎትቶ ያለቀው ለ1950 ኢዮቤልዩ ነው። ያም ለእንግዳ ሲባል ነበር፤ ይኸኛውም።

ስለዚህ የ2024ቱን ብሩሽ ሳይ ቅር እያለኝም ቢሆን አመሰግናለሁ። ቢያንስ ቆም ብሎ ጠይቋል።

በመጨረሻ መንገዱ አሸነፈ። ሌት ተቀን ተሠራ፤ በዲሴምበር 23 ቀን፣ በሩ ሊከፈት አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ አደባባዩ ተመረቀ። በማግስቱ ጳጳሱ ፍራንሲስ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ቅዱሱን በር ከፈቱ። ተሳላሚው መስቀል ተሸክሞ፣ እየዘመረ፣ መብራት ሳይጠብቅ ያልፍ ጀመር፤ መኪናው ከእግሩ ሥር ይጎርፋል።

አጣቢዎቹስ? ቤታቸው በተገኘበት አልቀረም። ወደ ካስቴል ሳንታንጄሎ ግቢ እንዲዛወር ተወሰነና ከወለሉ ተነቀለ። ሽንት በማሰሮ ያጠራቅሙ የነበሩት፣ የሰው ቶጋ ሲረግጡ የኖሩት እነዚያ ስም የለሾች፣ ከነገንዳቸው ሐድርያን ለራሱና ለቤተ ሰቡ ባስጀመረው መቃብር ግቢ ቦታ ተሰጣቸው።

በሉ፣ በረካው ደረሰ። ስኒውን አቀብሉኝ።