ከምላጭ ወደ ኮምፒዩተር፦ የፊልም አቀናባሪዎች ትውልድና መሣሪያቸው

ፊልም በእጅ በሚቆረጥበት ዘመን ስሕተት ዋጋ ያስከፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 የተፈለሰፈው ሞቪዮላ በሆሊውድ ለአሥርት ዓመታት ሲያገለግል፣ አቀናባሪው የሴሉሎይዱን ጥቅል እያዞረ ይመለከታል፤ ቦታውን ይመርጣል፤ ቆርጦም ያጣብቃል። የተቆረጠውን መልሶ መቀጠል ቢቻልም ጊዜ ይፈጃል። በዚህ ሥርዓት ያደጉ ባለሙያዎች ከመቁረጥ በፊት ማሰብን የሙያው ሀሁ አድርገው ያዙት።

በ1989 አቪድ የተሰኘው የኮምፒዩተር ማቀናበሪያ ብቅ ሲል የባለሙያዎቹ መንገድ ተለያየ። የስቲቨን ስፒልበርግ የረጅም ጊዜ አቀናባሪ ማይክል ካን በ2005 የወጣውን «ሚዩኒክ» እንኳ ያቀናበሩት በሴሉሎይድ ነበር። ዋልተር መርች ግን በ1996 የወጣውን «ዘ ኢንግሊሽ ፔሸንት» በአቪድ አጠናቀው የኦስካር ሽልማት አገኙ፤ በ2003 የወጣውን «ኮልድ ማውንቴን» ደግሞ 1,000 ዶላር ገደማ ይሸጥ በነበረው ፋይናል ከት ፕሮ አቀናበሩ። ሆኖም መርች የቀረውንም ነገር አልዘነጉም። ጥቅሉን እያዞሩ አንዱን ምስል ሲፈልጉ ያልታሰበ የተሻለ ምስል ይገኝ ነበር፤ ኮምፒዩተር ግን የተጠየቀውን ብቻ ያቀርባል።

በቀለም እርማት ሙያም የሆነው ተመሳሳይ ነው። የዳቪንቺ መሣሪያዎች በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሚያወጡ በትልልቅ ድርጅቶች ክፍሎች ብቻ ይገኙ ነበር። የአውስትራሊያው ብላክማጂክ ዲዛይን ድርጅቱን በ2009 ከገዛ በኋላ ሶፍትዌሩን በ995 ዶላር ሸጠ፤ በ2011 ደግሞ ነጻ ቅጂ አወጣ። በረጅም ልምምድ ዓይናቸውን ለገሩ ባለሙያዎች ይህ የሙያቸው አጥር መፍረስ ነበር፤ ደጅ ለቆሙት ወጣቶች ግን በር መከፈት።

ይሁንና መሣሪያን የሙጥኝ ማለት የአረጋውያን ጠባይ ብቻ አይደለም። በዚያው በ2011 አፕል ፋይናል ከትን ከሥር መሠረቱ ለውጦ ሲያቀርብ፣ አዲሱ ቅጂ በቀድሞው የተሠሩ ሥራዎችን መክፈት አልቻለም። አምርረው የተቃወሙት በሴሉሎይድ ያደጉት ብቻ አልነበሩም፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ርካሹን መሣሪያ በደስታ የተቀበሉት ጭምር ነበሩ። የትናንቱ አዲስ መጤ የዛሬው ዘበኛ ሆነ። ለካስ ሰው አጥብቆ የሚይዘው መሣሪያውን ሳይሆን እጁ የሠለጠነበትን ልማድ ኖሯል።

በኢትዮጵያ ታሪኩ መልኩን ይለውጣል። ኃይሌ ገሪማ በ1976 ያወጡት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም የተቀረጸ ነው። ከ2000 በኋላ ግን የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች በቪዲዮ የተሠሩ አማርኛ ፊልሞችን ማሳየት ጀመሩ፤ ከሠሪዎቻቸውም ብዙዎቹ ሴሉሎይድ በእጃቸው ሳይነኩ በቀጥታ ከኮምፒዩተር ፊት የተቀመጡ ናቸው። ርካሹ መሣሪያ ለእነርሱ የሙያው መዋረድ አልነበረም፤ ወደ ሙያው የሚያስገባ ሌላ በር አልነበራቸውምና። የጎደላቸው ምላጩ ሳይሆን ምላጩ ያስተማረው ትዕግሥት ነው፤ እርሱን ደግሞ ማንም ድርጅት በነጻ አያድልም፤ ከቀደመው ሰው ጎን ተቀምጦ መማርን ይጠይቃል።