«የማን ልጅ ነህ?»

በአገራችን አንድ ያልታወቀ ልጅ ደጃፍ ላይ ቢቆም አስቀድሞ የሚጠየቀው ስሙን አይደለም፤ «የማን ልጅ ነህ?» ነው የሚባለው። ሃላሌም ይሁን ሶዶ፣ ጎጃምም ይሁን ወሎ ጥያቄው ያው ነው። ለመሆኑ መልሱን ያጣ ሰው ምን ይሁን?

ስኮትላንዳዊ ከሆነ ብዙ አይቸገርም። እዚያ አገር ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መዝገብ መስፈር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1855 ነው። አያቶቹ ወደ ካናዳ ወይም ወደ አውስትራሊያ የተሰደዱበት ሰው ዛሬ ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ጥቂት ገንዘብ ከፍሎ፣ «ስኮትላንድስ ፒፕል» ከተባለው የኢንተርኔት መዝገብ ዘሩን ይቆጥራል።

የኛስ? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም.፣ ሥራው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት መዝገባችን በአመዛኙ ሰው ነበር። አማራው ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ወላይታው ጎሳውን ከአባቱ ይወርሳል፣ ከጎሳው አያገባም፤ ስለዚህ ሽማግሌው ማን ከማን እንደተወለደ ያውቃሉ። ችግሩ፣ ይህ መዝገብ የሚያገለግለው ከቀዬው ላልተነቀለ ሰው መሆኑ ነው።

ወላይታ ደግሞ መነቀልን ታውቀዋለች። በ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ካዎ ጦናን ሲማርክ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ ብዙውም ተማርኮ ወደ መሀል አገር ተነዳ። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ሌላ ዓይነት መነቀል መጣ። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ዓመታት በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ሄዱ። ወላይታም ብዙ ልጆች ከሄዱባቸው አካባቢዎች አንዷ ነች። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1070 ለውጭ አገር ሰዎች በሩን ዘጋ፤ የሄዱት ልጆች ግን አድገው «የማን ልጅ ነኝ?» እያሉ ነው።

ብዙዎቹ በእጃቸው ያለው ጥቂት ወረቀት ነው። የልደት ቀኑ ግምት፣ የቀበሌው ስም በፈረንጅ ፊደል የተጣመመ፣ የአያት ስም በአሳዳጊ ስም የተተካ። ወረቀቱ «ሞተዋል» ያላቸው ወላጆች በሕይወት የተገኙበት ጊዜም አለ። ምራቃቸውን ለዘረ መል ምርመራ የሚልኩ አሉ። ምርመራው ግን የሚያገናኘው የተመረመረን ከተመረመረ ጋር ነው። እንዲያ ሲሆን እንደነሱው በጉዲፈቻ የሄደ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ሶዶ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ እናት ግን ምራቋን ለማን ልካ?

እኔን የሚያንገበግበኝ ሕጉ ነው። ጉዲፈቻውን የፈቀደው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ፣ ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ጽፏል። የገጠሯ እናትም ያመነችው ይህንኑ ነው፤ ልጄ ይማራል፣ ይመለሳል ብላለች። በባሕር ማዶ ሕግ ግን ዝምድናው ተቆርጦ ልጁ የሌላ ሰው ሆነ። አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም!

እንግዲህ ቀሪው ሥራ የኛ ነው። የፍርድ ቤቱና የሕፃናት ማሳደጊያው ፋይል አይጥ ሳይበላው ይገልበጥ፤ ልጅ የሰጡ ቤተሰቦች በየቀበሌው ስማቸውን ያስመዝግቡ፤ ፈልጎ የመጣም «ፈረንጅ መጣ» ተብሎ ገንዘብ አይጠየቅ። ስኮትላንዳዊው የሚፈልገው ሙታኑን ነው፣ መዝገቡ ይጠብቀዋል። የኛ ልጆች የሚፈልጉት በሕይወት ያሉ እናቶችን ነው፤ እናት ደግሞ ታረጃለች።