የታመመውን ትቶ ጤነኛውን መንቀል

«ሲስተም የለም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በባንክ ወረፋም ሆነ በመሥሪያ ቤት መስኮት ያልሰማ የከተማ ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። ባለጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ኔትወርኩን ወይም መብራቱን ያማርራል። አንዳንዴ ግን ሲስተሙን የሚያጠፋው ብልሽቱ ሳይሆን ጥገናው ነው።

የትልልቅ ድርጅቶች መረጃ የሚቀመጠው ባለሙያዎች «ስቶሬጅ» በሚሉት፣ በርካታ ሃርድ ዲስኮችን በአንድነት ባቀፈ መሣሪያ ላይ ነው። መሣሪያው ሲሠራ አንዱ ክፍል አንድ ቀን መበላሸቱ እንደማይቀር ታስቦ ነው። ስለዚህ የኃይል ማቅረቢያውና መቆጣጠሪያው አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ሆነው ይገጠማሉ። ዲስኮቹ ደግሞ የካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1980 ዓ.ም. «ሬይድ» ብለው በሰየሙት ስልት ይደራጃሉ። ሬይድ 5 የአንድ ዲስክን፣ ሬይድ 6 የሁለት ዲስኮችን ሞት ይቋቋማል። በዚህም ምክንያት ሥራ ሳይቋረጥ የሞተውን ዲስክ ነቅሎ አዲስ መሰካት ይቻላል።

ችግሩ ያለው ከመንቀል እስከ መዳን ባለው ጊዜ ነው። አንድ ዲስክ የሞተበት ሬይድ 5 ሌላ መጠባበቂያ የለውም። በአዲሱ ዲስክ ላይ መረጃው ተመልሶ እስኪገነባ ሰዓታት፣ በትልልቅ ዲስኮች ደግሞ ቀናት ሊወስድ ይችላል። በዚህ መሃል ሌላ ዲስክ ቢሞት ወይም አንድ ሰው ተሳስቶ ጤነኛውን ቢነቅል፣ መረጃው የሚገኘው ባክአፕ ካለ ብቻ ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ስጋት አለመሆኑን የአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት ታሪክ ያሳያል። ግዛቲቱ የኮምፒዩተር አገልግሎቷን በ1998 ዓ.ም. በተፈረመ የ2.3 ቢሊዮን ዶላር ውል ለኖርዝሮፕ ግሩማን ኩባንያ ሰጥታ ነበር። ነሐሴ 19 ቀን 2002 ዓ.ም. ኢ.ኤም.ሲ. ሠራሽ የሆነ አንድ ስቶሬጅ ከሁለቱ የሚሞሪ ቦርዶቹ በአንደኛው ላይ ችግር እንዳለ አስታወቀ። ሊደረግ የታሰበው ተራ የቦርድ ቅያሬ ነበር። ውጤቱ ግን 26 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን አወከ፤ የመንጃ ፈቃድ አገልግሎትም ለአንድ ሳምንት ያህል ተስተጓጎለ።

ጉዳዩን የመረመረው ገለልተኛ ኦዲት ሁለት ነገሮችን ለይቶ አስቀምጧል። አንደኛ፣ ባለሙያው በቅድሚያ የቀየረው ስህተቱ የጠናበትን ቦርድ ሳይሆን ሌላኛውን ነበር። ሁለተኛ፣ መረጃውን በሌላ የግዛቲቱ ክፍል ወዳለው መጠባበቂያ ጣቢያ የሚገለብጠው ሥርዓት ከጥገናው በፊት እንዲቆም አልተደረገም። በመሆኑም የተበላሸው መረጃ በታማኝነት ወደ መጠባበቂያው ተገለበጠ፤ ሁለቱም ቅጂዎች አብረው ተበላሹ። የቀረው ተስፋ በቴፕ የተቀመጠው ባክአፕ ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፦ ቅጂ ሁሉ ባክአፕ አይደለም። ሬይድም ሆነ ወደ ሌላ ጣቢያ የሚደረግ ግልበጣ የመሣሪያን ሞት እንጂ የሰውን ስህተት አይከላከልም። ስለዚህ አንድ ክፍል ከመቀየሩ በፊት ባክአፑ መኖሩ ብቻ ሳይሆን ተመልሶ የሚነበብ መሆኑ ይረጋገጥ። ግልበጣው ለጊዜው ይቁም። የሚነቀለው ክፍል በመብራቱ ብቻ ሳይሆን በመለያ ቁጥሩም በሁለት ሰው ይመሳከር። በአንድ ጊዜ ከአንድ ክፍል በላይ አይነካ፤ የመልሶ ግንባታው ሥራ ሳያልቅም ሌላ ዲስክ አይነቀል።

እኔ የሕግ ሰው በመሆኔ ዓይኔ የሚያርፈው ውሉ ላይ ነው። በብዙ የጥገና ውሎች ውስጥ ባለሙያው በስንት ሰዓት እንደሚደርስ በዝርዝር ይጻፋል። ከደረሰ በኋላ ለሚያጠፋው መረጃ ማን እንደሚጠየቅ ግን ብዙም አይብራራም። የመንቀሉን ፈቃድ በጽሑፍ የሚሰጠው ማን ነው? ግልበጣውን የማቆም ግዴታስ የደንበኛው ነው የጠጋኙ? መረጃ ቢጠፋ ካሣው የመሣሪያው ዋጋ ነው ወይስ የቆመው ሥራ? ቨርጂኒያ በ2003 ዓ.ም. ግምቱ ወደ 4.7 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ስምምነት ላይ ለመድረስ የቻለችው የምትጠይቀው ተዋዋይ ስለነበራት ነው።

ተነቅሎ የወጣው ዲስክም ጉዳይ አለው። «ሞቷል» የተባለ ዲስክ የደንበኞችን ስምና ሒሳብ እንደያዘ ሊሆን ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መረጃ ያዡን ለደኅንነቱ ኃላፊ ያደርገዋል። ስለዚህ አሮጌው ዲስክ ለዋስትና ቅያሬ ወደ አቅራቢው ይመለሳል ወይስ እዚያው ይወድማል የሚለውም በውሉ ውስጥ ይግባ።

የሥራ ኃላፊዎች ይህን ሁሉ ለአይቲ ክፍሉ ትተው መፈረም ልማዳቸው ነው። ቦርዱን መቀየር በእርግጥ የባለሙያው ሥራ ነው። ከመነቀሉ በፊት «ባክአፑ ተፈትሿል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግን የፈራሚው ነው። መረጃው ከጠፋ በኋላ መጠየቅማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።